ተጠየቅ ሳይባሉ የተናገሩ ሁለት ገዢዎች

በአገራችን በጥንቱ የሙግት ሥርዐት ከሳሽ ተከሳሹን «ተጠየቅ» ይለዋል፤ ተከሳሹም «ልጠየቅ» ብሎ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ነገሩ በጥያቄና በመልስ ይካሄዳል። ጠያቂው የተጠያቂውን ቃል እግር በእግር እየተከተለ መውጫ መግቢያውን ይዘጋበታል፤ ተጠያቂውም ጠማማ መንገድ የገባ እንደ ሆነ በዳኛውና በአደባባዩ በተሰበሰበው ሰው ፊት ይታወቅበታል። የተናጋሪውን ቃል ከእብቁ የሚያበጥረው የጠያቂው ትጋት ነው። ዛሬ በጋዜጣ፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን «ቃለ መጠይቅ» እያልን የምንጠራው ነገር ከሙግት የተለየ ቢሆንም፥ ስሙን ከዚሁ ግሥ ማግኘቱ ያለ ነገር አይደለም ብለን እናምናለን።

የዓለም መሪዎች ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም፥ ስለ ንግድና ስለ ባህል ያላቸውን አሳብ ሕዝብ አሁን በብዛት የሚሰማው በቃለ መጠይቅ ነው። ልማዱ ግን ብዙ ዘመን ያስቈጠረ አይደለም። ቀድሞ የነገሥታት ቃል ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በዐዋጅ ነጋሪ አፍ ወይም በታሪከ ነገሥት ጸሐፊ ብዕር ነበር። ጸሐፊውም ያየውንና የሰማውን ይጽፋል እንጂ «ይህን ያደረጉት ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ጌታውን በአደባባይ አይጠይቅም። ጥያቄና መልስን አሰልፎ በጋዜጣ ማውጣት የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ከመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ የሚቈጠረው የ«ኒው ዮርክ ትሪቢዩን» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆሬስ ግሪሊ በ1859 ዓ.ም. በጁላይ ወር ያደረጉት ነው። ግሪሊ ሶልት ሌክ ሲቲ ድረስ ሄደው የሞርሞኖችን መሪ ብሪገም ያንግን 2 ሰዓት ያህል ጠየቋቸው። ጥያቄዎቹ አጫጭርና ግልጽ ነበሩ። ስለ እምነታቸውና ስለ ባርነት ጠየቁ፤ ስንት ሚስቶች እንዳሏቸውም ሳያፍሩ ጠየቁ። ያንግም 15 ናቸው ብለው ሳያፍሩ መለሱ። ግሪሊ የሰሙትን ባይወዱትም ቃሉን ሳያጣምሙ፥ ጥያቄውን ከነመልሱ አሳተሙት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተደረጉት ቃለ መጠይቆች ብዙ መናገር ይቻላል። እኛ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ፥ በ1908 ዓ.ም.፥ ስለ ታተሙ ሁለት ቃለ መጠይቆች ለመተረክ መርጠናል። አንዱ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ዊልሄልም፥ ሌላው የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የፖርፊሪዮ ዲያዝ ነው። ጠያቂዎቻቸው አድናቂዎቻቸው እንጂ ተቃዋሚዎቻቸው አልነበሩም፤ ነገር ግን ጠላት ሊያደርስባቸው ያልቻለውን ጉዳት እነዚህ ወዳጆች አደረሱባቸው።

ዳግማዊ ዊልሄልም የእንግሊዝ ንግሥት የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1907 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በዊንድሰር በክብር ከተስተናገዱ በኋላ፥ በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳር ባለው በሃይክሊፍ ቤተ መንግሥት 3 ሳምንት ያህል ዐረፉ። ይህ ጊዜ በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1900 ዓ.ም. ኅዳር መሆኑ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ጥቅምት ላይ ከሾሙ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። በአዲስ አበባ የሚኒስቴር ሥራ አንድ ተብሎ ሲጀመር በበርሊን የመሥሪያ ቤት ሥርዐት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረና በዓለም የተመሰገነ ነበር። ከዚህ በታች የምንተርከው ነገር እጅግ የሚያስደንቀውም ስለዚህ ነው።

የሃይክሊፍ ባለቤት ኮሎኔል ኤድዋርድ ስቱዋርት ዎርትሊ እንግሊዝና ጀርመን እንዲወዳጁ የሚመኙ መኰንን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግድነት ሳሉ፥ በኋላም በ1908 ዓ.ም. በአልዛስ በተደረገው የጦር ልምምድ ላይ ሲገናኙ፥ ስለ እንግሊዝ ያላቸውን ፍቅር ደጋግመው ነገሯቸው። ኮሎኔሉም ይህን ቃል የእንግሊዝ ሕዝብ ቢሰማው ጥርጣሬው ይወገዳል ብለው አሰቡ። የሰሙትን ሁሉ አሰባስበው በቃለ መጠይቅ መልክ «ለዴይሊ ቴሌግራፍ» ጋዜጣ አዘጋጁት፤ ከመታተሙ በፊት ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩላቸው።

ዊልሄልም ምላሳቸው የሚቀድማቸው ሰው መሆናቸው የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ያደረጉት ሁሉ ሥርዐት የጠበቀ ነበር። ጽሑፉን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለልዑል ቢሎው ልከው ራሳቸው እንዲመረምሩት አሳሰቧቸው። ቢሎው በኖርደርናይ ደሴት በዕረፍት ላይ ነበሩና ወረቀቱን ወደ በርሊን ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መሩት። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሹምም በዕረፍት ላይ ነበሩ፤ ምክትላቸው ተቀብለው ክሌሜት ለሚባሉ ባለሥልጣን መሩት። ክሌሜት በእውነት አነበቡት። ነገር ግን የተጠየቁት በውስጡ ያለውን የነገር ስሕተት እንዲያርሙ እንጂ ይታተም ወይም አይታተም እንዲሉ አልመሰላቸውም። ጥቂት ቃላት አቃንተው መለሱት። ምክትሉ ክሌሜት አይተውታል ብለው አሳለፉት። ቢሎው መሥሪያ ቤቱ አይቶታል ብለው ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይተውታል ብለው ፈቀዱ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ ፊርማው ይበዛል፤ ፊርማው በበዛ መጠንም የሚያነበው ሰው ያንሳል። «ታይቷል» የሚል ቃል በኅዳጉ ላይ ካረፈ በኋላ ማን እንዳየውና ምን እንዳየ የሚጠይቅ አይገኝም። ቢሎው ጽሑፉን ፈጽሞ አላነበብሁትም ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ቃላቸውን ይጠረጥሩታል። ለእኛ እንደሚመስለን አንብበውት ቢሆን ጥፋታቸው ይከፋል እንጂ አይቀልም፤ ሳያነቡት ቢቀርም ለአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ይህ መከላከያ ሊሆነው አይገባም።

ጽሑፉ በኦክቶበር 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ውስጥ የተናገሩት በአጭሩ ይህ ነው። እንግሊዞች በጀርመን ላይ ያላቸው ጥርጣሬ የዕብደት ያህል ነው አሉ። እርሳቸው ራሳቸው የእንግሊዝ ወዳጅ ሲሆኑ ከሕዝባቸው የሚበዛው ግን ለእንግሊዝ በጎ አሳብ የለውም አሉ። በቦየሮች ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይና ሩሲያ እንግሊዝን ለማዋረድ ከእነርሱ ጋራ እንዲተባበሩ ጠይቀዋቸው እንቢ ማለታቸውን፥ ይህንኑም ለአያታቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ መግለጣቸውን ተረኩ። ከዚህም አልፈው የቦየሮች ጦርነት የሚካሄድበትን ዕቅድ ነድፈው ወደ ዊንድሰር እንደ ላኩ፥ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ሎርድ ሮበርትስ ያሸነፉበትም መንገድ እርሳቸው ከነደፉት ጋራ እንደሚመሳሰል ተናገሩ። ስለሚሠሩት የባሕር ኃይልም ሲያወሱ፥ መርከቦቹ ለሩቅ ምሥራቅና ለፓሲፊክ ውቅያኖስ ጉዳይ እንደሚያስፈልጉ አመለከቱ።

እስቲ አንባቢ ይመልከት። እንግሊዞች ዕብድ ተባሉ፤ ድላቸውም የሌላ ሰው ምክር ተደረገባቸው። ፈረንሳይና ሩሲያ በምስጢር የተነጋገሩት ተገለጠባቸው። ጃፓን የጀርመን መርከቦች የሚሠሩት በእርሷ ላይ መሆኑን ጠረጠረች። የጀርመን ሕዝብ ደግሞ ለቦየሮች ሲያዝን በነበረበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዝ የጦር ዕቅድ ይነድፉ እንደ ነበር ከአፋቸው ሰማ። በአንድ ጽሑፍ ይህን ያህል ሰው ማስቀየም የጠላት ሥራ ቢሆን ኖሮ ጥበብ በተባለ ነበር።

ቍጣው የበረታው በጀርመን አገር ውስጥ ነው። የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት በኖቬምበር 10 እና 11 ቀን ተሰብስቦ ተከራከረ፤ ለዙፋኑ ታማኝ ነን የሚሉት ወገኖች ሳይቀሩ ንጉሠ ነገሥቱን ነቀፉ። ቢሎው ተነሥተው ሲናገሩ ጌታቸውን የተከላከሉት በቀዘቀዘ ቃል ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ፊት በአነጋገራቸው ካልተጠነቀቁ እርሳቸውም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የሚሾም ሰው ኃላፊ ሊሆን እንደማይችል አስታወቁ። በዚያን ጊዜ ዊልሄልም በአደን ላይ ነበሩ። በኖቬምበር 17 ቀን ተመልሰው ሕገ መንግሥቱ የሚያዝዘውን ኃላፊነት እንደሚያከብሩ የሚገልጥ ቃል ለመስጠት ተገደዱ፤ ከዚያም ልባቸው ተሰብሮ ዙፋኑን እስከ መተው አሰቡ። ቢሎውን ግን ይቅር አላሏቸውም። በ1909 ዓ.ም. በጁላይ ወር ቢሎው ስለ ግብር ባቀረቡት ሕግ ድጋፍ ሲያጡ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሳያዝኑ አሰናበቷቸው። ወረቀቱን በእውነት ያነበቡት ክሌሜትም ከቦታቸው ተነሡ። ምክር ቤቱ ሁለት ቀን ከጮኸ በኋላ ግን ሕግ አላወጣም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ሚኒስትር የመሾምና የመሻር ሥልጣናቸው እንዳለ ቀረ።

ከበርሊን ወደ ሜክሲኮ ስናልፍ የነገሩ መልክ ይለወጣል። የሜክሲኮ ስም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፋሺስት ኢጣልያ በ1936 ዓ.ም. አገራችንን ይዣለሁ ስትል ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ስለ ነበረች፥ በከተማችን አደባባይ በስሟ ይጠራል። እኛ የምንናገርለት ዘመን ግን ከዚያ 28 ዓመት ይቀድማል።

ፖርፊሪዮ ዲያዝ በ1830 ዓ.ም. ተወልደው ከፈረንሳይ ወራሪዎች ጋራ በተደረገው ጦርነት ጀግንነታቸውን ያስመሰከሩ ጄኔራል ነበሩ። በ1876 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት በዐመፅ ነው፤ የዐመፃቸውም መፈክር ማንም ፕሬዚዳንት ደግሞ አይመረጥ የሚል ነበር። ከዚያም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ካለው ጊዜ በቀር እየደጋገሙ ራሳቸው ተመረጡ። በዘመናቸው ከ19,000 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የውጭ አገር ገንዘብ ገባ፤ ሽፍታ ተወገደ። የገበሬው መሬት ግን ወደ ጥቂት ባለጠጎች እጅ ተጠቃለለ፤ በካናኔያ በ1906 ዓ.ም.፥ በሪዮ ብላንኮም በ1907 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች በጥይት ተመቱ።

ጄምስ ክሪልማን የተባሉት ጋዜጠኛ «ፒርሰንስ» ከሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ተልከው ሽማግሌውን በቻፑልቴፔክ ቤተ መንግሥት አነጋገሯቸው። ጽሑፉ በ1908 ዓ.ም. በማርች ወር ሲወጣ ርእሱ ራሱ ዲያዝን የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ጀግና የሚል ነበር፤ ስለ ግርማቸው፥ ስለ ዐይናቸውና ስለ አቋቋማቸው የተጻፈው ውዳሴ ብዙ ቦታ ይዟል። ከውዳሴው መካከል ግን ፕሬዚዳንቱ ትልቅ ነገር ተናገሩ። የሜክሲኮ ሕዝብ መሪውን ለመምረጥ የሚበቃበትን ቀን በትዕግሥት ሲጠብቁ መኖራቸውን፥ ያም ቀን መድረሱን፥ የሥልጣን ዘመናቸው ሲያልቅ ዳግመኛ እንደማይመረጡ ገለጡ። ተቃዋሚ የፖለቲካ ማኅበር ቢነሣም እንደ በረከት እንጂ እንደ ክፉ ነገር እንደማያዩት ተናገሩ።

ይህን ለምን እንደ ተናገሩ ብዙ ተጽፏል። ብዙዎች እንደሚሉት አሳባቸው የአሜሪካንን ባለገንዘቦችና አንባቢዎች ማስደሰት ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተነገረ ቃል በእንግሊዝኛ አይቀርም፤ «ኤል ኢምፓርሲያል» የተባለው የመንግሥት ደጋፊ ጋዜጣ ወደ እስፓኝ ቋንቋ ተርጕሞ በሜክሲኮ አሳተመው። ያን ጊዜ በየከተማው ያሉ አስተማሪዎች፥ ጠበቆችና ጋዜጠኞች አነበቡት። እስከ ትናንት ድረስ ስለ ምርጫ መናገር ወንጀል ሆኖባቸው የኖሩ ሰዎች የፕሬዚዳንቱን ቃል እንደ ፈቃድ ወረቀት በእጃቸው ያዙት።

ፍራንሲስኮ ማዴሮ የሚባሉ የኮዋዊላ ባለርስት በ1910 ዓ.ም. ስለሚደረገው የፕሬዚዳንትነት ወራሽነት መጽሐፍ ጻፉ፤ ዳግም ምርጫን የሚቃወም ማኅበርም አቋቋሙ። ዲያዝ ግን ቃላቸውን አጥፈው እንደ ገና ለምርጫ ቀረቡ፤ ማዴሮም በ1910 ዓ.ም. በጁን ወር ተያዙና ታሰሩ። ያ በረከት ይባላል የተባለው ተቃዋሚ በእስር ቤት ሳለ ዲያዝ ተመረጡ ተባለ። በሴፕቴምበር ወር የአገሪቱ የነፃነት 100ኛ ዓመትና የፕሬዚዳንቱ 80ኛ የልደት በዓል በታላቅ ድግስ ተከበረ። በኦክቶበር ማዴሮ አምልጠው ወደ ቴክሳስ ተሻገሩ፤ ሕዝቡም በኖቬምበር 20 ቀን እንዲነሣ ጠሩ። በ1911 ዓ.ም. በሜይ ወር ስዩዳድ ኋሬዝ በዐማፅያን እጅ ወደቀች፤ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ዲያዝ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሰደው በ1915 ዓ.ም. በፓሪስ ሞቱ። ማዴሮም ፕሬዚዳንት ሆነው ብዙ አልቈዩም፤ በ1913 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ተገደሉ።

የሜክሲኮን አብዮት አንድ ቃለ መጠይቅ ወለደው የምንል አይደለንም። መሬቱን የተቀማ ገበሬ የክሪልማንን ጽሑፍ አላነበበም፤ ቢያነበውም ባያነበውም የተቀማ ነው። ቃለ መጠይቁ ያደረገው ነገር ለተማረው ክፍል ቀን መቍረጥ ነው። «አንድ ቀን» ይባል የነበረው ምኞት 1910 ዓ.ም. የሚል ስም አገኘ። ገዢ የማይፈጽመውን ተስፋ በሕዝብ ፊት ከሚሰጥ ዝም ቢል ይሻለው እንደ ነበር ዲያዝ ያወቁት በመርከቡ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ሁለቱን ጠያቂዎች እንመርምር። ኮሎኔሉ የእንግድነት ባለቤት፥ ክሪልማን የጀግና አመስጋኝ ነበሩ። ግሪሊ ብሪገም ያንግን እንደ ጠየቁት ያለ ጥያቄ ከአንዳቸውም አልወጣም። ኮሎኔሉ «ግርማዊነትዎ፥ ከሕዝብዎ የሚበዛው እንግሊዝን የማይወድ ከሆነ የእርስዎ ወዳጅነት ለእንግሊዝ ምን ዋስትና ይሆናታል?» ብለው አጥብቀው ቢይዙ ኖሮ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተው ደንግጠው ባረሙት ነበር። ክሪልማንም «ተቃዋሚ ሲነሣ ድምፁን የሚቈጥረው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፥ ወይ እውነተኛ የምርጫ ሥርዐት በተነገረ፥ ወይም የተስፋው ባዶነት በዚያው ቀን በታየ። የሚያሞግስ ጠያቂ ተናጋሪውን ከስሕተቱ አያድነውም። ክሌሜትም ሆነ አለቆቹ በበርሊን ሊያነሡት ይገባቸው የነበረው ጥያቄ በሃይክሊፍ ሳይነሣ ቀርቷል፤ በሃይክሊፍ ያልተጠየቀው ነገርም በበርሊን አልተጠየቀም።

የጠንካራ ጠያቂ ሥራ ምን እንደሚመስል ከብዙ ዓመት በኋላ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። በ1974 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን የለቀቁት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1977 ዓ.ም. ለዴቪድ ፍሮስት ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ 600,000 ዶላር ይከፈላቸው ዘንድ ተዋውለው ነበር፤ የተቀዳውም ወደ 29 ሰዓት ይጠጋል። ገንዘብ የተከፈለበት ንግግር ስለ ሆነ ብዙዎች ንቀውት ነበር። ፍሮስት ግን በረዳቶቻቸው አማካይነት የፍርድ ቤት ወረቀቶችን አስመርምረው ስለ መጡ፥ ኒክሰን አገራቸውን ማሳዘናቸውን በገዛ አንደበታቸው እስኪናገሩ ድረስ ያዟቸው።

ወደ 1908 ዓ.ም. ተመልሰን አንድ ነገር እንጨምር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፥ ማለት የ«ዴይሊ ቴሌግራፍ» ጽሑፍ ከመውጣቱ 3 ወር አስቀድሞ፥ ዊልያም ቤያርድ ሄል የሚባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኖርዌይ ጠረፍ በንጉሠ ነገሥቱ መርከብ ላይ ዊልሄልምን 2 ሰዓት ያህል አነጋግረዋቸው ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ እንግሊዝ የተናገሩት በሃይክሊፍ ከተናገሩት ጋራ ፈጽሞ ተቃራኒ ሆኖ፥ በጥላቻ የተሞላ ነበር። የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ሰዎች ጽሑፉን ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሳዩ፤ ፕሬዚዳንቱም እንዳይታተም መከሩ፤ ጋዜጣውም ተወው። ሄል ብዙውን ቈርጠውና አለዝበው «ለሴንቸሪ» መጽሔት ሰጡት። ታትሞ ሊወጣ ሲል የ«ዴይሊ ቴሌግራፉ» ሁከት ተነሣ፤ የጀርመን መንግሥትም ደንግጦ እንዲቀር አደረገ፤ የታተመውም ተሰብስቦ እንዲጠፋ ተደረገ።

የውይይቱ ማስታወሻ ግን በሄል ቤተሰብ እጅ ቈይቶ በ1934 ዓ.ም. «በአትላንቲክ» መጽሔት ወጣ። በዚያን ጊዜ ጀርመን በሂትለር እጅ ገብታ ነበር። ዊልሄልም በ1918 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው በሆላንድ አገር ዶርን በምትባል ስፍራ በስደት ይኖሩ ነበር፤ 75 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ከ26 ዓመት በፊት የተናገሩትንም ቃል እንዲህ ለማለት አስበዋል ወይም አላሰቡም ብሎ የሚጠይቃቸው መንግሥትም ሆነ ምክር ቤት ከእንግዲህ አልነበረም።